ባለ ሦስት አንቴናው

ከሳሪስ ወደ አቃቂ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት እናት አዲስ የዋይፋይ ራውተር ታቅፈው፣ አጠገባቸው ከተቀመጠ ጎልማሳ ጋር ያወራሉ።

«ልጄ ከቤይሩት በቪዲዮ ስትደውል ፊቷን በደንብ ሳላያት ይቆራረጣል። ሻጩ ባለ አራት አንቴናውን ይውሰዱ አለኝ፤ እኔ ግን በሥላሴ ስም ብዬ ባለ ሦስቱን ወሰድኩ።»

«የድሮውን የት ነበር ያስቀመጡት፣ እማማ?»

«ቡፌው ውስጥ። ዳንቴል አልብሼ ቆልፌበታለሁ።»

«አፍነውት እኮ ነው። ይህንንም ከቆለፉበት ያው ነው።»

«ታዲያ የመጣ እንግዳ ሁሉ ይነካካው?»

«ልጅዎን ማየት አይፈልጉም?»



«እሺ፣ ዳንቴሉን አነሳለታለሁ። ቡፌው እንደሆነ መስታወት ነው፤ ውጭውን ያያል።»

እኔም ሳቄን ለመደበቅ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ፣ የልጅቷን ፊት እንዲያሳያቸው ሥላሴን በልቤ ለመንኩ።