የጋሽ ግዛቸው ተራ

ከቦንጋ ወደ ቢታ ገነት ስጓዝ የተሳፈርኩበት አውቶብስ ሺሺንዳ ላይ ጎማው ፈነዳ። ሾፌሩ «አሁን ይጠገናል» አለን። በሾፌር ቋንቋ «አሁን» ማለት ከሰዓት በኋላ ማለት ነውና፣ ጥላ ፍለጋ ጤና ጣቢያው ግቢ ገባሁ። ጊዜው የማጅራት ገትር ወረርሽኝ ወደ አካባቢው የገባበት ነበር። ክትባቱ ገና መምጣቱ ስለሆነ ለሁሉም አይበቃም።

በግቢው ያየሁት ነገር ገረመኝ። ነርሷ ሲስተር አብርሆት መርፌዋን አዘጋጅታ ትጠብቃለች። እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ሣር ላይ ተቀምጠዋል፤ ግን አንዲትም አትነሣም። ከፊታቸው ጋሽ ግዛቸው የሚባሉ የመንደራቸው ሽማግሌ ክንዳቸውን ገልጠው ቆመዋል።

«ጋሽ ግዛቸው፣ በእግዚአብሔር ይዤዎታለሁ፣ ይፍቀዱላቸው» አለች ነርሷ።

«ልጄ፣ እኔ መች ከለከልኩ? ከእኔ ጀምሪ አልኩ እንጂ። በእኛ መንደር ቀፎ ወርዶ ማር ሲቆረጥ፣ ታላቅ ሳይቀምስ ታናሽ እጁን አይሰድም። ዛሬ እኔ ታልፌ ሕፃን ቢቀድም ነገ ማን ይሰማኛል?»

«በሽታው አጥብቆ የሚይዘው ልጆችንና ወጣቶችን ነው። የመጣልን ደግሞ ጥቂት ነው። ለእርስዎ ብሰጥ ከየመንደሩ ሽማግሌው ሁሉ ክንዱን ገልጦ ይመጣል። ለልጆቹ ምን ይተርፋል?»

«ደግ ነገር ከሆነ ታላቅ ለምን ይቀርበታል? ለልጅ ብቻ የሚሰጥ ነገር ያስፈራኛል።»

አስተማሪ ነኝና ምላሴን በላኝ። «ራስ ወዳድ ሽማግሌ!» ልል ነበር። ግን ሰውዬው የሚጠብቁት ነፍሳቸውን ሳይሆን የአባቶቻቸውን ሥርዓት ነበር። ሲስተር አብርሆት ይህን ከእኔ ቀድማ ተረድታለች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም፣ ልማዳቸውንም አላናናቀችም። እንዲህ ያለ ትዕግሥት በእውነት ያስቀናል።

«ባለፈው ከወንዙ ማዶ የሞተውን ልጅ ያውቁታል?»

«እኔው ነኝ ያስቀበርኩት» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ይኸው ነው የምፈራው። ብልቃጡ ከተከፈተ ለነገ አያድርም፣ ይደፋል። እርስዎ ካልፈቀዱ ደግሞ ማንም አይነሣም። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ማሩ ትንሽ ቢሆንና ቤት ውስጥ አራስ ብትኖር ለማን ይሰጣል?»

ጋሽ ግዛቸው ሳቁ። «ይሄማ ይጠየቃል? ለአራሷ ነዋ! አራስ እያለች ማር የሚልስ ሽማግሌ…»

እሳቸው ሣሩ ላይ ወደተቀመጡት ልጆች ሲመለከቱ ቆዩና እጅጌያቸውን ወደ ታች ሳቡ። ከዚያ ወደ እናቶቹ ዞረው በአካባቢው ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተናገሩ።

«ምን አሉ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«የመጀመሪያው ማር የእኔ ነው፤ እኔም ለልጆች ሰጥቻለሁ፣ አሉ» አለችኝ ነርሷ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

የልጅ ልጃቸውን ፀዳለን እጇን ይዘው ያቀረቧት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። እናቶቹም ተከትለው ተነሡ። አውቶብሱ ተጠግኖ ስሄድ ሰልፉ እስከ በሩ ደርሶ ነበር።

እኔ ከዚያ ቀን የተማርኩት ይህን ነው። ጥቂት መድኃኒት በክብር ተራ ከታደለ ወረርሽኙን አይገታም፤ በሽታው አጥብቆ ለሚይዛቸው አስቀድሞ ከተሰጠ ግን ቤትም መንደርም ይተርፋል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ሁላችንም እንናገራለን፤ ቅጠሉ ሲያንስ ለማን እንደሚቀድም ያሳዩኝ ግን እኒያ ሰው ናቸው። ክብራቸውም አልጎደለም። መንደሩ የተነሣው በእሳቸው ቃል ነውና እንዲያውም ጨመረ።

ከወር በኋላ ስመለስ ሺሺንዳ ገበያ አገኘኋቸው።

«ጋሽ ግዛቸው፣ ክትባቱ ደረሰዎት?»

«ገና ነው። ግን ከመንደራችን ከዚያ ወዲህ የልጅ ሬሳ አልወጣም። ፀዳለና ጓደኞቿ ግቢዬን በጩኸት ሊያፈርሱት ነው» አሉና ሳቃቸው መጣ። «ይጩሁልኝ!»