ሰባተኛውን መጽሐፍ አይጥ አልበላውም

ክቡር አቶ ዓምደ ሚካኤል የጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ፣ ክቡራትና ክቡራን የሥራ ባልደረቦቼ፤

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለእኔ ብላችሁ በግ አርዳችኋል፣ ጠላ ጠምቃችኋል፣ ወንበር ከትምህርት ቤት ተውሳችሁ አምጥታችኋል። አንዲት መጽሐፍ አዳይ ጡረታ ስትወጣ ይህን ያህል ሰው ይሰበሰባል ብዬ አልጠበቅኩም። ግማሻችሁ ለበጉ እንደመጣችሁ አውቃለሁ። ምንም አይደል፤ እኔም የሰው ስንብት ላይ ለበጉ ብዬ ሄጄ አውቃለሁ።

አቶ ዓምደ ሚካኤል «አምስት ደቂቃ ይበቃል፣ ወይዘሮ አያልነሽ» ብለውኛል። ይህችን የአምስት ደቂቃ ንግግር ለመጻፍ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። እንደምታውቁት ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ፣ ልጄን ትሕትናን በጀርባዬ አዝዬ ነው። እሷ ታለቅሳለች፣ እኔ «ሀ ሁ» እላለሁ። እጄ ዛሬም ከአሳቤ ኋላ ቀርቶ ያነክሳል።

ደግሞ የጻፍኩት ምስጋና ብቻ አይደለም። ጥፋት አለብኝ።

ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ፣ መጀመሪያ በጽዳት ኋላም በመጽሐፍ አዳይነት፣ አሥራ ስምንት ዓመት በዚህ ቤተ መጻሕፍት ሠርቻለሁ። ስንት ግምገማ እንደተቀመጥኩ እግዜር ይቁጠረው። «ግለ ሂስ አቅርቢ» ስባል «ሰዓት አላከብርም» እላለሁ። በሚቀጥለው ጊዜ «አንባቢ ላይ እቆጣለሁ» እላለሁ። እናንተም «ሂሷን ውጣለች» ብላችሁ ታልፉኛላችሁ። ዋናውን ግን አንድም ቀን አላወጣሁትም። ዛሬ ጡረታዬ ጸድቋል፣ ልትቀጡኝ አትችሉም፤ ስለዚህ ልናገር። ነገሩ የሰባተኛው መጽሐፍ ነው።

በ1990 ዓ.ም. ከውጭ አገር በእርዳታ የመጣውን ካርቶን የምታስታውሱ አላችሁ? ስንከፍተው ጀልባ እንዴት እንደሚጠገን የሚያስተምሩ መጻሕፍት ሞልተውበት ነበር። ጀልባ! ባሕር በዓይኗ አይታ ለማታውቅ ከተማችን፣ ለመሐል ሜዳ! ከሥራቸው ግን ሰባት ቀጫጭን መጻሕፍት ወጡ። ውስጣቸው ሥዕል ብቻ ነው። ንግግሩ በእንግሊዝኛ በትንንሽ አረፋ ውስጥ ተጽፏል። ኮሚክ ይባላል አሉን። ታሪኩ ልዩ ኃይል ስለተሰጣቸው ስድስት ሰዎች ነው። አንዱ ተራራ ይሸከማል። አንዷ ውኃ ላይ ትራመዳለች። አንዱ ሽማግሌ ሰባት ቀን መንገድ ርቆ የሚያለቅስ ሰው ይሰማዋል። ሁለቱ መንታ ናቸው፤ አንዱ ሲበረታ ሌላው ይደክማል። ስድስተኛው አለቃቸው ነው።

«የልጆች ነገር ነው» የምትሉ አላችሁ። እኔም ብዬ ነበር፤ እስክገልጠው ድረስ። ጋዜጣ ላይ እንደምናየው በመስመር ብቻ የተሳለ ካርቱን አይደለም። እያንዳንዱ ሥዕል በብሩሽ፣ በቀለም፣ እንደ ግድግዳ ሥዕል የተሠራ ነው። ዝናብ የሚዘንብበትን ገጽ ነክቼ ጣቴን አይቻለሁ፣ ረጥቦ እንደሆነ። ተራራ የሚሸከመው ሰውዬ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተጨማድዷል። ውኃ ላይ የምትራመደው ሴት ከዓይኗ ሥር ጠቁራለች። ባየኋት ቁጥር «ይህች ልጅ አሳዳጊ ናት፣ እንቅልፍ የላትም» እላለሁ። ይህን ሁሉ ኃይል ይዘው ይደክማቸዋል! የወደድኳቸውም ለዚህ ነው።

ጥፋቴም የመጣው ሥዕሉ ስላማረ ነው። የሚያምር ሥዕል እኔ የማውቀው ቤተ ክርስቲያን ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ጻድቅ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ይሳላል። ክፉ ደግሞ በጎኑ፣ በአንድ ዓይኑ። ይህን የማያውቅ ማን አለ? የስድስቱ አለቃ ታዲያ በሁሉም ገጽ ላይ ጎኑን ሰጥቶ በመስኮት ውጭ ውጭውን ያያል። ተጠራጠርኩ። ጥበቃችንን አቶ መርስዔ ኃዘንን ጠራኋቸው፤ ድቁና የተማሩ ሰው ናቸው።

«አቶ መርስዔ፣ ይህ ሰውዬ ስንት ዓይን አለው?»

መነጽራቸውን አደረጉ። «አንድ።»

«ቀጣዩን ገጽ ይመልከቱ እስቲ።»

«አሁንም አንድ።»

«እንግዲህ?»

«እንግዲህማ ምን ይጠየቃል? ከእነዚያኞቹ ወገን ነው!»

አቶ መርስዔ፣ አይሳቁ፤ ብለዋል። እኔም ወደ ሥራዬ ገባሁ። መመሪያው «እያንዳንዱ መጽሐፍ ላይ ማኅተም ይደረግ» ይላል፤ የት እንደሚደረግ ግን አይልም። የቤተ መጻሕፍቱን ክብ ማኅተም ልክ በሰውዬው ዓይን ላይ አሳረፍኩት፣ ልጆች እንዳያስፈራ ብዬ። በስድስቱ መጻሕፍት ላይ አተምኩ። ሰባተኛው ላይ ስደርስ የማኅተሙ ቀለም አለቀ። ባያልቅ ኖሮ አልመለስም ነበር።

ይህም አልበቃኝም። በገበያ ቀን ገበሬዎች የበግ ጠጉር ባናቸውን እንደተከናነቡ ሥዕሉን ሊያዩ ይመጣሉ። እኔ ደግሞ አስረዳለሁ። «ይህ በማኅተም የተመታው ሰላይ ነው። ያኛው በሁለት ዓይኑ የሚያየን፣ ፊቱ የሚያበራው፣ እሱ ጻድቅ ነው» እላለሁ። አንዲት ገበያተኛ የጻድቁን ገጽ ተሳልማ ሄዳለች። ገበሬዎቹ ግን ልባቸው ከተራራ ተሸካሚው ጋር ነበር።

«ይህን ሰውዬ ለአጨዳ ደቦ ብንጠራው በአንድ ጠዋት ይጨርስልን ነበር» አለ አንዱ።

«ማን ሊያበላው? ገብሱን ሁሉ ከሚበላብህ ራስህ ብታጭደው ይሻልሃል!» አለው ጓደኛው።

ትሕትና ያኔ ደብረ ብርሃን መምህርነት ትማር ነበር። ለበዓል መጣችና አንደኛውን መጽሐፍ ገለጠች። ሁለተኛውን ገለጠች።

«እማዬ፣ ይህን ማኅተም እዚህ ላይ ማን መታው?»

«መንግሥት።»

«እማዬ!»

«እኔ ነኝ። ምነው?»

«ዋናውን ጀግና እኮ ነው የመታሽው! ሁሉንም የሚያድነው እሱ ነው!»

«ታዲያ ሌላው ዓይኑ የት ሄደ?»

«ጎኑን ሰጥቶ ነዋ!»

«ጥፋት ባይኖርበት ለምን ጎኑን ይሰጣል? ፊት ለፊት ያየን አልነበር?»

ከወንበሩ ወድቃ መሬት ላይ ተቀምጣ ሳቀች። ያ እኔ «ጻድቁ» ያልኩት፣ ሴትዮዋ የተሳለመችው፣ ከተማ የሚያቃጥለው ሰውዬ ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ ወዲህ በመጣች ቁጥር ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ፣ አንባቢ ሲወጣ፣ አጠገቤ ተቀምጣ በአማርኛ ታነብልኝ ነበር። ያኔ ነው የገባኝ። ብቻውን ጀግና የሆነ ሰው ይፎክራል፤ ሌላ ምን ያደርጋል? እነዚህ ግን ስድስት ናቸው። ተራራ የሚሸከመው ጨለማ ይፈራል፤ እጁን የሚይዘው ሽማግሌው ነው። ልክ እንደ ደቦ፣ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል። መጣላታቸው ደግሞ! አንዱ ያኮርፋል፣ አንዱ ሥራውን ለሌላው ይተዋል፣ ስብሰባ ይጠራሉ፣ ሳይስማሙ ይበተናሉ። «ትሕትና፣ የእኛን መሥሪያ ቤት ማን ነገራቸው?» ብያታለሁ።

አንድ ቀን «እማዬ፣ አንቺ ከእነሱ ጋር ብትሆኚ ኃይልሽ ምን ይሆን ነበር?» አለችኝ።

«መጥረግ።»

«አይደለም። ተሳስተሽም አለማፈር ነው።»

በ1993 ዓ.ም. ለጥምቀት መጥታ ሰባተኛውን፣ የመጨረሻውን፣ ጀመረችልኝ። በሰባተኛው ማኅበሩ ይፈርሳል። ተጣልተው እያንዳንዱ በየፊናው ይሄዳል። ገጽ አርባ አንድ ላይ አለቃው በሩን ከፍቶ ብቻውን በረዶ ውስጥ ሊወጣ ቆሟል።

«ይመለሳል?» አልኳት።

«መኪናው ሊያመልጠኝ ነው፣ እማዬ። የቀረውን ለፋሲካ አነብልሻለሁ።» የመጣችበትን የአውቶቡስ ቲኬት ገጹ መሐል አድርጋ ዘጋችው።

ለፋሲካ አልደረሰችም። ሦስት ሳምንት ታማ በዐቢይ ጾም አጋማሽ ዐረፈች። ሃያ አንድ ዓመቷ ነበር። አብዛኞቻችሁ ቀብሯ ላይ ነበራችሁ፤ አቶ መርስዔ ሣጥኗን ተሸክመውልኛል። እዚህ ላይ ብዙ ጽፌ ነበር። ሰርዤዋለሁ።

አርባዋን አውጥቼ ሥራ ገባሁ። በመጀመሪያው ቀን አንድ መምህር መጣና «ሰባተኛው አለ?» አለኝ። አፌ «አይጥ በላው» አለ። እኔ አላልኩም፣ አፌ ነው። መጽሐፉ ቤቴ ውስጥ፣ በልብስ ሣጥኔ፣ ከነቲኬቱ ተቀምጦ ነበር።

ውሸት እንዲህ ያድጋል ብዬ መች ጠረጠርኩ? አቶ መርስዔ ተናደው በየመደርደሪያው ሥር ወጥመድ አጠመዱ፤ የመጀመሪያው የተያዘው የራሳቸው ጣት ነው። አቶ ዓምደ ሚካኤል ደብዳቤ ጻፉ። ድመት መጣች። በሩብ ዓመቱ ሪፖርት «የአይጥ መከላከል ሥራ በተጠናከረ ሁኔታ እየተካሄደ ነው» ተባለ። ባለፈው ዓመት ቢፒአር የሚሉት የአሠራር ለውጥ ሲመጣ ደግሞ ለአይጡ የሥራ ሂደት ተጠናለት፤ አቶ መርስዔም የሂደቱ ባለቤት ሆኑ። ድመቷ በስምንት ዓመት አንድ አይጥ አልያዘችም። «ሰነፍ ናት፣ የመንግሥት ወተት ትጠጣለች» ብለን ገመገምናት። ክቡራትና ክቡራን፣ ድመቷ ንጹሕ ናት! የሌለውን ከየት ታምጣው?

እኔ እስቅ ነበር ብላችሁ አታስቡ። አንባቢዎቹ ስድስቱን ይጨርሱና መጨረሻውን በራሳቸው ይፈጥራሉ። አንዱ «በረዶው ውስጥ ሞቷል» ይላል። ሌላው «ተመልሶ ታርቀዋል፣ ሠንጋ ተጥሏል» ይላል። ዛሬ በእኔ ቦታ የምትተካው ኮከቤ ያኔ ተማሪ ነበረች። «እትዬ አያልነሽ፣ የመጨረሻዋ ገጽ እንኳ አልተረፈችም?» አለችኝ፣ ዓይኖቿ እንባ አቅርረው። «ሽፋኑን እንኳ አልማረውም» አልኳት። ከውሸቶቼ ሁሉ ይህ ነው የሚከብደኝ።

ለምን አደረግሽው ብትሉኝ፣ ፈራሁ። ታሪኩ ካለቀ የእሷም ድምፅ የሚያልቅ መሰለኝ። መጽሐፉ እስከተዘጋ ድረስ የቀረውን የምታነብልኝ እሷ ናት። ሌላ ሰው አንብቦ «እንዲህ ሆነ» ካለኝ ግን፣ ፋሲካው አልፏል ማለት ነው።

ባለፈው ወር ለርክክብ ስዘጋጅ ሣጥኔን ከፈትኩት። ቲኬቱ ደብዝዟል፤ ከየት ወዴት እንደሚል አይነበብም። ቁጭ ብዬ አሰብኩ። የጓሳን የሣር መሬት እንኳ አባቶቻችን የሚዘጉት ሣሩ እስኪደርስ ነው። ቀኑ ሲደርስ ይከፈታል፣ ሁሉም ያጭዳል። ዘግቶ የሚተወው የለም። ደግሞ ትሕትና መምህር ልትሆን የነበረች ልጅ ናት። መጽሐፍ ቆልፎ መያዝ ከእኔ ነው የመጣው፣ ከእሷ አይደለም። ብታየኝ መጀመሪያ ትስቅ ነበር፤ ቀጥላ ትቆጣኝ ነበር።

እነሆ። ይህ ከነጠላዬ ሥር የያዝኩት ዳቦ መስሏችሁ ነበር፣ አይደል? ኮከቤ፣ ነይ ልጄ፣ ተቀበይኝ። ሰባተኛው ነው። ማኅተም አላረፈበትም፤ እባክሽ ስትመቺው ባዶ ቦታ ፈልጊ። ቲኬቱን ለእኔ አስቀርቼዋለሁ፤ እሱ የመንግሥት ንብረት አይደለም።

ከገጽ አርባ አንድ ወዲያ ያለውን አላየሁትም። በስምንት ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ሾልኬ አላየሁም፤ ጥፋተኛ ብሆንም ለዚህ ታምኛለሁ። ሰኞ ጠዋት እመጣለሁ። ለአገሩ ሁሉ የአንባቢ መታወቂያ ስሞላ ኖሬ ለራሴ አንድ የለኝም፤ እሱን ታወጪልኛለሽ። ተራ አስይዢኝ፣ እንዳታስቀድሚኝ፤ ከእኔ በፊት የጠየቁ ብዙ ናቸው። ተራዬ ሲደርስ ከአርባ ሁለት ጀምረሽ አንብቢልኝ። ባለቅስ አትደንግጪ፤ ማንበብሽን ቀጥይ።

እናንተም ከእኔ በፊት የምታነቡት፣ መንገድ ላይ ስታገኙኝ ስለ ብርዱ አውሩኝ። መጨረሻውን እንዳትነግሩኝ!

አቶ መርስዔ፣ ስለ ጣትዎ ይቅር ይበሉኝ። አቶ ዓምደ ሚካኤል፣ ስለ ደብዳቤዎቹ ይቅር ይበሉኝ። ድመቷንም በእኔ ስም አንድ ሰው ይቅርታ ይጠይቅልኝ፤ እኔን ስታይ ፊቷን ታዞራለች።

የምመርቃችሁ በትንሹ ነው፤ በጉ እየቀዘቀዘ ነው። ሥራችሁን ያቅናላችሁ። ይህችን ቤት አንባቢ አያሳጣት። ስትጣሉም እንደ እነዚያ ስድስቱ አንዱ የሌላውን እጅ ለመያዝ የምትመለሱ ያድርጋችሁ። የወለዳችኋቸው ይደጉላችሁ፤ አርጅታችሁ ልጆቻችሁ ይቅበሯችሁ። ጀምራችሁ ያቋረጣችሁትን ሁሉ ለመጨረስ ዕድሜ ይስጣችሁ። ዕድሜው ባይበቃ ደግሞ፣ የሚጨርስላችሁ ሰው አያሳጣችሁ።