አራቱ ጥግ የሚገናኝባት ነጥብ

በኛ ጊዜ፣ ደርጉ እያለ ማለቴ ነው፣ ሴት ቁልፍ ትትከል፣ ጠርዝ ትቀምቅም እንጅ የስፌት መኪና ላይ ማን አስቀምጧት። እኔም ቀምቃሚ ነበርሁ። ሆጤ ሰፈር የልብስ ሰፊዎች ማህበር ነበረን፣ አምስት መኪና፣ አምስት ወንድ። እና አንደኛው ሰፊ ዘመተና መኪናው ባዶውን ቀረ። ታዲያ እኔ ባሌ ሞቷል፣ ሁለት ልጅ ይዣለሁ፣ ቁልፍ ተከላ ደግሞ ልጅ አያሳድግም፣ ያችን መኪና አየሁና ልቤ እሷ ላይ ቀረ። ሄጀ ሊቀመንበራችንን፣ ጋሽ ይመርን፣ ስጡኝ አልኋቸው።

ጋሽ ይመር ክፉ ሰው አልነበሩም፣ አላህ ይርሀማቸው፣ ግን እንደ ቃዲ ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት። ጢማቸውን እያሻሹ፣ ከኮምቦልቻ የመጣ አንድ ጆንያ ቁርጥራጭ ጨርቅ ወደኔ ገፋ አረጉና፣ "ከዚህ የአልጋ ልብስ በእጅሽ ገጣጥመሽ አምጭ። አራት ቁራጭ የሚገናኝበት ሁሉ ጥጉ አንድ ነጥብ ላይ ይግጠም። ከሳተ ቁልፍሽን ትተክያለሽ" አሉኝ። ስምንት ቀን ሰጡኝ። ወንዶቹ ሳቁ፣ እኔ ጆንያየን ተሸከምሁ።

እናላችሁ የባሌን እህት ከድጃን ጠራኋትና እየተካፈልን ቆረጥን፣ በምን? በስንዝር። ያኔ ሁሉ ነገር በስንዝር ነው። እኔ በስንዝሬ፣ እሷ በስንዝሯ። እሷ ደግሞ ጣቷ ሸንኮራ ነው፣ ረጅም። ለካ የሷ ቁራጭ ከኔው ይበልጣል፣ ማን ልብ ብሎ። የመጀመሪያውን መስመር ሰፋን፣ ደህና ነው። ሁለተኛውን ሰፋን፣ ጥጉ ሸሸት አለ። አምስተኛው ላይ ስንደርስ ጥግና ጥግ አይተዋወቁም። ከድጃ ሳብ ሳብ አርገሽ ስፊው፣ ጨርቅ አይደል ይለጠጣል አለችኝ፣ እኔም ሰማኋት፣ ታዲያ ብንዘረጋው መሀሉ ተነፍቶ ቁጭ። አለቀስሁ፣ ምን እዋሻችኋለሁ፣ ከስምንቱ አራቱ ቀን አልቆ ነበር።

እና እንባየን ጠረግሁና ተረተርሁት። ሁሉንም። ከድጃ አበድሽ እንዴ ብላ ጮኸች። የሳሙና ካርቶን አራት ማዕዘን አርጌ ቆረጥሁና፣ ቁራጩን ሁሉ በሱው፣ በአንድ ካርቶን ብቻ፣ እንደገና ለክቸ አስተካከልሁት። እንዲህም ሆኖ ጥጉ ክር ያህል ይሸሻል፣ መርፌው ሲገባ ጨርቁ ይንሸራተታላ። ሰፋሁ፣ ተረተርሁ፣ ሰፋሁ፣ ተረተርሁ፣ ጣቴ ተበሳስቶ አለቀ። ኋላ ገልብጨ በጣቴ ስዳብሰው፣ ከስፌቱ ውስጥ የሚተርፈው ጠርዝ የላይኛው መስመርም የታችኛውም ወደ አንድ ጎን ተኝቷል፣ እዚያው ይከመርና ይገፋፋል። እስቲ አልሁና የላይኛውን ወደ ቀኝ፣ የታችኛውን ወደ ግራ አስተኝቸ ካውያ አሳረፍሁበት። ታዲያ ሳጋጥማቸው ጠርዝና ጠርዝ ተደጋግፈው ቀጥ አሉ፣ መንቀሳቀስ የለም። ሰፋሁና ገለበጥሁት። ወላሂ፣ አራቱም ጥግ አንድ ቦታ!

በስምንተኛው ቀን ወሰድሁት። ጋሽ ይመር መነጥራቸውን አርገው መገናኛውን ሁሉ በጥፍራቸው እየነኩ አዩት፣ ወንዶቹም ሥራ አቁመዋል። ሲጨርሱ ገጥሟል አሉ። እኔ ግን ከጫፉ አንዷን አውቃታለሁ።

"አልገጠመም ጋሽ ይመር፣ ይችን አልፈዋታል" አልኋቸውና አሳየኋቸው።

ጎንበስ ብለው አዩ። "ይችማ ክር አታህልም። ማን ያያታል?"

"እኔ አይቻታለሁ።"

ከዚያ ፈቃድ የጠየቅሁ መሰላችሁ? ሄጀ ባዶዋ መኪና ላይ ቁጭ አልሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ዘይት የምቀባት እኔ ነኝ፣ ጠባይዋን አውቃለሁ። ያችን ጥግ ተረተርኋት፣ ጠርዟን ቀኝና ግራ አስተኝቸ፣ እግሬን መርገጫው ላይ አርጌ ሰፋኋት። ጋሽ ይመር አጠገቤ ቆመው አዩኝ። ተቀመጭ አላሉም፣ ተነሽም አላሉም። ጥቂት ቆይተው አንድ ያልተሰፋ ሱሪ አምጥተው ፊቴ አስቀመጡ።

"ታዲያ እትየ ሩቂያ፣ ከዚያ ወንበር መቸ ተነሱ?" ትሉኛላችሁ።

ሃ ሃ! ደርጉ ከወንበሩ ወረደ፣ እኔማ መች ተነሳሁ!