ለሽማግሌ የተቀዳ የገደል ሻይ

(ቢሾፍቱ፣ ከሐይቁ ዳር ባለ ቤት፣ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ። አቶ መርዕድ ወይዘሮ ትርንጎን ለወዳጃቸው ለአቶ ይፍሩ በሽምግልና ሊጠይቁ መጥተው፣ ባርኔጣቸውን እንደያዙ ቆመዋል፤ ወይዘሮዋ የመጡበትን ጉዳይ ቀድመው ሰምተዋል፤ ከቻይና ያመጡትን ሻይ ያሰናዳሉ።)

አቶ መርዕድ፦ አልቀመጥም አልኩ እኮ! ሽማግሌ የመጣበትን ሳያገኝ አይቀመጥም፤ ውሃም አይቀምስም።

ወይዘሮ ትርንጎ፦ ውሃ ማን ሰጠዎ? ይህ ኡሎንግ የሚባል ሻይ ነው። ለመሆኑ ሁለቱ ሽማግሌ ጓደኞችዎ የት ቀሩ?

አቶ መርዕድ፦ ዝናቡ ይዟቸው ነው፤ አሁን ይደርሳሉ። እስኪመጡ ድረስ ስለ ጉዳዩ አንዲት ቃል አልተነፍስም።

ወይዘሮ ትርንጎ፦ መልካም፤ ስለ ሻይ እንጨዋወታ።

አቶ መርዕድ፦ እንዴ! ምነው ደፉት? አሁን የቀዱትን?

ወይዘሮ ትርንጎ፦ የመጀመሪያው ውሃ ቅጠሉን መቀስቀሻ ነው፤ አይጠጣም። ከገደል ወርዶ፣ በከሰል እሳት ደርቆ፣ ባሕር ተሻግሮ የመጣ እንግዳ ፊቱን ሳይታጠብ ያናግረናል?

አቶ መርዕድ፦ ከገደል?

ወይዘሮ ትርንጎ፦ ዉዪ በሚባል ተራራ፣ ከዓለት ስንጥቅ ውስጥ ይበቅላል። ወጥቼ አይቼዋለሁ፤ ጉልበቴ እስከ ዛሬ ይወቅሰኛል። የገደሉ ባለቤት የሆኑት አሮጊት ከዓመቱ ምርት እፍኝ ዘግነው ሰጡኝ፤ ለሚገባው ሰው ብቻ አፍይው ብለው። ያሽትቱት፤ ማሽተት መቅመስ አይደለም።

አቶ መርዕድ፦ እስቲ... የገብስ ቆሎ! አሁን ከምጣድ የወረደ።

ወይዘሮ ትርንጎ፦ ከቆሎው በስተጀርባስ?

አቶ መርዕድ፦ ዝናብ የመታው ድንጋይ። ደግሞ... ኮክ? የበሰለ ኮክ!

ወይዘሮ ትርንጎ፦ አፍንጫዎ አይታማም። አቶ ይፍሩ ቢሆኑስ ምን ይሉ ነበር?

አቶ መርዕድ፦ «ቅርንፉዱ የት አለ? ስኳሩስ?» ይል ነበር... ማለቴ፣ ይፍሩ ደግ ሰው ነው!

ወይዘሮ ትርንጎ፦ ደግነታቸውን ማን ካደ? ግን እኔን በምን ወደዱኝ?

አቶ መርዕድ፦ ስለ ጉዳዩ አልተነፍስም ብያለሁ።

ወይዘሮ ትርንጎ፦ ስለ ጉዳዩ መች ጠየቅኩ? ስለ ራሴ ነው።

አቶ መርዕድ፦ እሱማ... ማለዳ ሐይቁን ሲዞሩ ዳክዬዎቹን «እንደምን አደራችሁ» ይላሉ። ቢጫው ሻርፕዎ ሁልጊዜ ወደ ግራ ያዘነብላል። ሊስቁ ሲሉ አስቀድመው ዓይንዎን ይጨፍናሉ።

ወይዘሮ ትርንጎ፦ ይህን ሁሉ አቶ ይፍሩ አዩ? ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ከአልጋ የማይወርዱት?

አቶ መርዕድ፦ እኔው ነግሬው... አይ፣ እሱ ነግሮኝ!

ወይዘሮ ትርንጎ፦ አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

አቶ መርዕድ፦ ራሴን እንኳ ይተዉልኝ! እኔ አደራ የተቀበልኩ ሰው ነኝ።

ወይዘሮ ትርንጎ፦ ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል አሉ። እንግዲያው መልሴን ይስሙ፦ ለአቶ ይፍሩ እምቢ ብያለሁ። ጓደኞችዎ ሲመጡም የምለው ይህንኑ ነው። አደራዎን ተወጥተዋል።

አቶ መርዕድ፦ ሽማግሌ በአንድ እምቢታ አይመለስም! ይመላለሳል እንጂ።

ወይዘሮ ትርንጎ፦ ይመላለሱ፤ መንገዱ የመንግሥት ነው። ሻዩ ግን ይቀዘቅዛል። ከቀመሱት ሽምግልናዎ ቀረ፤ ካልቀመሱት እንደ ወትሮዬ ብቻዬን እጠጣዋለሁ።

አቶ መርዕድ፦ ስኒዋም የእንቁላል ቅርፊት ታህላለች... በዚህች ጉንጭ ሥርዓት ይፈርሳል?

ወይዘሮ ትርንጎ፦ ይሞክሩታ።

አቶ መርዕድ፦ መራራ ነው። ቆይ... ቆይ! ማር ሆነ! ውጬው የለም እንዴ፤ ከየት ተመለሰ?

ወይዘሮ ትርንጎ፦ ቻይናዎቹ ተመላሽ ጣፋጭ ይሉታል። ዋናውን ነገር የሚናገረው ዘግይቶ ነው፤ ልክ እንደ አንዳንድ ሰዎች። ቆመው ነው እንዴ የሚጨርሱት?

አቶ መርዕድ፦ ይኸው ተቀመጥኩ።

ወይዘሮ ትርንጎ፦ ወየው፣ በሩ ተንኳኳ! ጓደኞችዎ ናቸው። ስኒውን ቶሎ ልሸሽግልዎ?

አቶ መርዕድ፦ ተዉት፣ እንዲያውም ይሙሉልኝ። ሁለት ሽማግሌ ይበቃል፤ የሚለምኑለትን ሰው ስም ብቻ ይቀይሩ።