በሰም የታሸገው ፍሬን

በአገሩ ወግ ቶግቤ፣ ማለትም አባባ፣ እየተባሉ የሚጠሩት ሽማግሌው አግቤኮ ሚስታቸውን ዚፋን ሞተር ብስክሌታቸው ላይ ከኋላ አስቀምጠው ከኩማ ተራራ ወደ ፓሊሜ ከተማ ሊወርዱ ሲሉ ዝናብ ያዛቸውና፣ ቤንዚን በጠርሙስ የሚሸጥበት ዳስ ሥር ተጠለሉ። የዚፋን ዓይኖች ሞራ ከሸፈናቸው ሁለት ዓመት አልፏል። በዓመት አንዴ ፓሊሜ የሚመጣ እንግዳ የዓይን ሐኪም ከሰዓት በኋላ ይጠብቃቸዋል፤ ዛሬ ካመለጣቸው የሚመለሰው በዓመቱ ነው።

ዳሱ ውስጥ ሌላም ተጠላይ ነበረች። ሴናም ትባላለች፤ በዋና ከተማዋ ሎሜ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ተምራ ፓሊሜ ላይ ጋራዥ የከፈተች ወጣት ናት። ሽማግሌው ሞተራቸውን ሲያቆሙ የፊት ፍሬኑን ጨበጥ፣ ጨበጥ፣ ጨበጥ ሲያደርጉት አየችና አላስችል አላት።

«ቶግቤ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ፍሬንዎ አየር ገብቶበታል።»

አግቤኮ ከእግር እስከ ራሷ ቃኟት። ሠላሳ ዓመት ሰው ጭነው ሲመላለሱ ያተረፉት ጥርጣሬን ነው። ድሮ አንድ መካኒክ ደህናውን ዕቃ ፈትቶ አሮጌ ገጥሞባቸዋል። ከዚያ ወዲህ የሞተራቸውን ብሎን ሁሉ በቀለጠ ሻማ ያሽጋሉ፤ በየማለዳው ሰሙ መሰንጠቅ አለመሰንጠቁን ሳያዩ አይነሱም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ማለት ይኸው ነው።

«ልጄ፣ ሳልጠይቅሽ በሽታዬን ነገርሽኝ። መድኃኒቱንም የምትሸጪው አንቺው ነሽ መሰለኝ?»

«የምሸጥልዎ ነገር የለም። ቁልቁለቱ አሳስቦኝ ነው እንጂ።»

«ቁልቁለቱን ከአንቺ ልደት በፊት አውቀዋለሁ! የድሮው ሞተሬ ፍሬን በሽቦ ነበር፤ ሲላላ አጠብቀው ነበር። ይሄኛው በዘይት ነው አሉ። በአራት ዓመት አንዲት ጠብታ አልፈሰሰም። የፍሬኑ ሸራ ሲበላ ጥቂት ዝቅ ካለ ከዚያ እጨምርበታለሁ» አሉና ከሚሸጠው ቤንዚን ጎን የቆመ፣ የፍሬን ዘይት የያዘ፣ አፉ በወረቀት የተወተፈ የአረቄ ጠርሙስ አሳዩዋት።

«ያ ጠርሙስ ስንት ክረምት እንዲያ ቆመ፣ ቶግቤ? የፍሬን ዘይት ከአየሩ እርጥበት ይጠጣል። ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲግል ያ ውሃ ፈልቶ እንፋሎት ይሆናል። ዘይት ሲጫኑት ይገፋል፤ እንፋሎትና አየር ግን ይጨመቃሉ። እጀታው መዳፍዎ ድረስ ይመጣል፣ ጎማው ግን መሄዱን አይተውም።»

«ሦስቴ ስጨብጠው ይይዛል።»

«ለሦስቱ ጊዜ ባይገኝስ?»

አግቤኮ ይህን ጥያቄ አልወደዱትም። «ገባኝ!» አሉ ጣታቸውን እየቀሰሩ። «የብሎኑን ሰም አስነስተሽ ደህናውን ዘይት በብልቃጥ ልትቀበዪ ነው። ነገ ለሌላው ትሸጪዋለሽ። ጠርጥር፣ ከገንፎም ይኖራል ስንጥር!»

ይኼኔ ዚፋ ጣልቃ ገቡ።

«አንተ ሰውዬ፣ እኔ መንገዱን አላየውም፤ የምሰማው እጅህን ነው። አምና በየመታጠፊያው አንዴ ነበር የምትጨብጠው። ለፋሲካ ሁለቴ ሆነ። አሁን ሦስት ደርሷል። እቆጥራለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«መካኒክ የላከኝ ይመስልሃል ብዬ ነዋ!»

ሽማግሌው አፈሩ። ሚስታቸው በየመታጠፊያው እየፈሩ ከኋላቸው መቀመጣቸውን እስከዛሬ አልጠረጠሩም ነበር። ሁሉን ተጠራጣሪው ሰው ይህችን ብቻ ሳቷት።

«ይሁን» አሉ በመጨረሻ። «ግን የሚወጣውን ዘይት የምይዘው እኔ ነኝ። የአዲሱንም እሽግ የምከፍተው እኔ።»

«በጣም ደስ ይለኛል» አለች ሴናም፤ «ረዳት ያስፈልገኝ ነበር።» ከመሣሪያ ቦርሳዋ ያልተከፈተ የፍሬን ዘይት አውጥታ ሰጠቻቸው፤ እሳቸውም እሽጉን ከፈቱት። ዘይቱ ቀለም ስለሚበላ የቤንዚን ታንኩን በጨርቅ ሸፈነችው። ጎማው ዘንድ ካለችው ትንሽ ብሎን ላይ ሰሙን ፍቃ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን ቱቦ ሰካችባት። የቱቦውን ሌላ ጫፍ ጥቂት ዘይት ባለበት ብልቃጥ ውስጥ ነከረችው። የፍሬኑን እጀታ ዚፋን አስያዘቻቸው።

«እማማ፣ ይጨብጡት... እንዳይለቁት።» ብሎኗን ላላ አድርጋ ወዲያው መልሳ አጠበቀች። «አሁን ይልቀቁ።»

እንዲህ እየደጋገሙ ቀጠሉ። ላይ ያለው የዘይት ዕቃ ከጎደለ አዲስ አየር ይገባልና ሴናም ቶሎ ቶሎ ትሞላዋለች። አግቤኮ ብልቃጡን በጉልበታቸው መሐል አጣብቀው፣ ጠብታ እንዳትሰረቅባቸው ዓይናቸውን ከቱቦው አልነቀሉም። ስለዚህ ከሁሉም በፊት ያዩት እሳቸው ነበሩ፦ ዘይቱ እንደ አደረ ሻይ ጠቁሮ ይወጣል፣ በመሐሉም አረፋ በአረፋ ላይ ይከተላል።

«ይህን ሁሉ አየር ያሸግሁት እኔ ነኝ?»

«ሌባ እንዳይገባ ብለው ሌባውን ከውስጥ አሸጉበት፣ ቶግቤ» አለች በትሕትና።

አረፋው እየሳሳ ሄዶ ጠፋ፤ ዘይቱም ጠራ። ያን ጊዜ ዚፋ እጀታውን ሳይለቁ «ጠነከረ!» አሉ። «እንደ ድንጋይ ሆነ።»

አግቤኮ ከልማዳቸው ሻማ አውጥተው ነበር፤ መልሰው ኪሳቸው ከተቱት። በምስማር የዕለቱን ቀን የዘይት ዕቃው ክዳን ላይ ጫሩ። ሴናም በየሁለት ዓመቱ ይቀየር፣ ከእሽግ እንጂ ከክፍት ጠርሙስ አይጨመር፣ እጀታው ከላላ ደግሞ ቶሎ አየሩ ይውጣ ብላ መከረቻቸው። ፍሪሲዮኑ በዘይት ለሚሠራ ሞተርም ምክሩ ያው ነው። መጠርጠር ነውር አይደለም፤ የሚጠረጥር ሰው ግን ከፍቶ ማየት አለበት። አሽጎ የሚጠረጥር የሚጠብቀው ስህተቱን ነው። ይህን የተረዳ ሰው ሞተሩንም፣ ከኋላው የተቀመጠውንም ነፍስ ያተርፋል።

ዝናቡ ሲያባራ ወረዱ። በመጀመሪያው መታጠፊያ አግቤኮ ፍሬኑን ጨበጡ።

«አንድ» አሉ ዚፋ ከኋላ።

በሁለተኛውም «አንድ» አሉ። በሦስተኛውም እንዲሁ።

በዘጠነኛው መታጠፊያ አግቤኮ ጆሯቸውን ቢያቆሙ ምንም አልሰሙም። ዚፋ መቁጠር ትተው፣ ግንባራቸውን ከባላቸው ጀርባ ላይ አሳርፈው ተኝተው ነበር።