እግር የሌላት ዶሮ

ክቡራትና ክቡራን፣ ዶክተር ኢሪሳሪ፣ የማያግዌዝ የእንስሳት ክሊኒካችን ቤተሰቦች በሙሉ፤

ስለዚህ የስንብት ድግስ እግዜር ይስጥልኝ። እንግዳ ተቀባያችን ካርሚን ከትናንት ጀምራ በአሳማ ጥብሱ ስትለፋ እንደዋለች ሽታው ነግሮኛል፤ ስለዚህ አላስረዝምም። አላስረዝምም ያለ ተናጋሪ ምን እንደሚያደርግ ግን ታውቃላችሁ።

እዚህ ስቀጠር የውሻና የድመት ሐኪም ነበርኩ። የእባብ ሐኪም ያደረገኝ ያ የእንግዳ መቀበያው ስልክ ነው። እባብ ማሳደግ በሕግ የሚያስጠይቅ ነገር ስለሆነ ሰዉ ደውሎ "እባቤ ታመመ" አይልም። "የአክስቴ ድመት አልበላም አለች" ይላል። የዶን ኤፍራይን ግን ዶሮ ነበረች።

ዶን ኤፍራይን ያው ከኋላ የተቀመጡት ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ፖስተኛ። የዚያን ቀን ስልኩን ያነሳችው ካርሚን ናት። ስልኩ ደግሞ ሚስጥር አይችልም፣ ክፍሉ ሁሉ ይሰማል።

"ዶሮዬ ታንኮራፋለች" አሉ።

"ከበላች ስንት ጊዜ ሆናት?"

"ሁለት ወር ሊሞላት ነው።"

ካርሚን ቀና ብላ አየችኝ። "ዶን ኤፍራይን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ዶሮዎ እግር አላት?"

 ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "የላትም፣ ልጄ" አሉ።

"በሉ አሁኑኑ ይዘዋት ይምጡ።"

በትራስ ልብስ ጠቅልለው፣ ትራስ ልብሱን በቢራ ማቀዝቀዣ ሳጥን ውስጥ ደብቀው መጡ። ከእኛ በፊት ሦስት ቦታ በር ተዘግቶባቸዋል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? እሳቸው ከእባብ ጋር ያድራሉ፤ የሚፈሩት ግን የእኛን በር ነው።

ሬይና የምትባል ትንሽ ዘንዶ ናት። አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች፣ አፍንጫዋ ላይ አረፋ አለ። ሳንባዋ ታሟል። "የት ነው የምትተኛው?" አልኳቸው።

"ከኔ ክፍል ነው። የአየር ማቀዝቀዣ ገዝቼላታለሁ፣ ሙቀቱ እንዳያሰቃያት። እኔ እንኳ በሁለት ብርድ ልብስ ነው የምተኛው።"

ሳቅሁ። "ያሳደገቻት ባለቤቴ ናት" አሉ። "ማርጎት ከሞተች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ከኔ ሌላ የሚተነፍስ እሷ ብቻ ናት።" ሳቄን ዋጥኩት።

የኛ ደሴት ሰው የሚወደውን ያቀዘቅዛል፤ እንግዳ ሲመጣ ማቀዝቀዣ፣ ሕፃን ሲወለድ ማቀዝቀዣ። እባብ ግን ሙቀቱን የሚያገኘው ከውጭ ነው። ከበረደው ምግቡን አይፈጭም፣ ሕመሙንም አይታገልም። መርፌ ወጋናት፣ ሞቅ ያለ ጥግ አበጁላት፣ ማቀዝቀዣው ጠፋ። የመጀመሪያዋን አይጥ የዋጠች ቀን ደውለው "ዶሮዋ በላች" ብለው አለቀሱ። ካርሚንም አለቀሰች። እኔ ጉንፋን ነው አልኩ።

ስለ ሕጉ ለመጣው ሁሉ እውነቱን ተናግሬያለሁ፣ ፈቃድ እንዲጠይቅም ወደሚመለከተው ቢሮ ልኬዋለሁ። መጀመሪያ ግን አክሜያለሁ። የታመመ እንስሳ ምን ሕግ ጣሰ?

ልሰናበት መሆኑ ሲሰማ ዶክተር ኢሪሳሪ "ኔሬይዳ፣ አንቺ ስትሄጂ እባቦቹም ጡረታ መውጣታቸው ነው" አሉኝ። ዶን ኤፍራይን ደግሞ "እንግዲህ ሬይና ብታንኮራፋ ማን ጋ ልሂድ?" አሉ።  እውነቱን ለመናገር ከስንብቱ ይልቅ ያ ጥያቄ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

በእኔ ቦታ የምትቀረው ሐኪም ሱሌይካ ናት። ይቅር በይኝ ሱሌይካ፣ የማያውቅ የለም፤ ትራስ ልብስ ሲንቀሳቀስ ወንበር ላይ የምትወጣ ሐኪም ናት። እባቦቹን ተረከቢኝ ስላት "እናቴ ትሙት አልችልም" ነበር ያለችኝ። አልገፋኋትም። ብቻ ሬይና ለምርመራ በመጣች ቁጥር በሩን ገርበብ አድርጌ እተወው ጀመር። መጀመሪያ ከበሩ ሆና አየች። ኋላ መብራት ያዘችልኝ። አንድ ቀን ጅራቷን ነካ አድርጋ "ደረቅ ናት እኮ" አለች። ምን ጠብቀሽ ነበር፣ ሳሙና?

ባለፈው ሐሙስ ዕቃዬን ስሸክፍ ስልኩ ጮኸ። ካርሚን ምሳ ወጥታለች። ላነሳ ስል ሱሌይካ ቀደመችኝ። አንዲት ሴትዮ ናቸው፤ "ጥንቸሌ ቆዳዋን ጨርሳ አልገፈፈችም፣ ዓይኗም ጉም ለብሷል" ይላሉ። ሱሌይካ ዞር ብላ አየችኝ። እኔ ግድግዳውን አየሁ።

"እመቤቴ፣ ጥንቸልዎ እግር አላት?" አለች። ሴትዮዋ በሹክሹክታ "የላትም" አሉ። "አይዞዎት። ቆዳውን በጣትዎ እንዳይልጡት። በትራስ ልብስ አድርገው ያምጡልኝ፣ እዚሁ ነኝ።"

ስልኩን ዘግታ መብራቱን ልታበራ ወደ ምርመራ ክፍሉ ገባች። እኔ በእውነት የተሰናበትኩት ያን ጊዜ ነው፤ የዛሬው ለጥብሱ ነው።

እንግዲህ ልመርቃችሁ። እጃችሁ ይባረክ። ፈርቶ የመጣባችሁ ሰው ልቡ አርፎ ይመለስ። ማዕበሉ በሩቁ ይለፋችሁ፣ መብራቱም አይጥፋባችሁ። ልጆቻችሁ ይደጉ፣ ይህ ቤትም እኔ ካየሁት የበለጠ ቀን ይይ።

ዶን ኤፍራይን፣ ማን ጋ ልሂድ ብለውኝ ነበር። እዚያ ጋ፣ ወንበሩ ላይ ያለችው ናት። እንደሚያዩት ዛሬ ተቀምጣበታለች።