ቀዩ ያልታተመባቸው ወረቀቶች

የምስክር ቃል መቀበያ

ስም፦ በምስክሩ ጥያቄ በተለየ ማህደር ተይዟል
ዕድሜ፦ 63
የጋብቻ ሁኔታ፦ ሚስቱ የሞተችበት፣ የአንዲት ልጅ አባት
የትምህርት ደረጃ፦ ስድስተኛ ክፍል
ሥራ፦ በማተሚያ ቤት የእጅ ፊደል ጸሐፊና የማሽን ሠራተኛ
አድራሻ፦ ከማተሚያ ቤቱ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡20 ጀምሮ

ወደ ፖሊስ ጣቢያው የመጣሁት ማንም ጠርቶኝ ሳይሆን በራሴ ፈቃድ ነው። ማክሰኞ ዕለት የተያዘችው ሠዓሊዋ ልጄ፣ በሰፈሩ በተለጠፉት ወረቀቶች ላይ ያለው ሥዕልም ጽሑፍም የራሷ ብቻ መሆኑን ገልጻ ቃል መስጠቷን ከጠበቃዋ ሰምቻለሁ። ሥዕሉ የእሷ ነው። ጽሑፉ ግን የእኔ እጅ ነው። ጥፋቱም የእኔ ነው።

ነገሩ የተጀመረው አምና ነው። በአይሁዶች ላይ ጥላቻ የሚሰብክ አንድ አሮጌ መጽሐፍ በወጣቶች ዘንድ ከስልክ ወደ ስልክ ይዞር ነበር። ልጄ አንብባው ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። በሦስተኛው ቀን፣ «አባዬ፣ መጽሐፉ ቢታገድም መዞሩ አልቆመም። ውሸቱን ከነመልሱ በሥዕል እናውጣው» አለችኝ። አሠራሩም በእያንዳንዱ ገጽ ከላይ ደራሲው ያለው፣ ከታች ደግሞ ለዚያ የሚሰጠው መልስ እንዲሆን ነው። ደራሲው አይሁዶችን የሚገልጽበትን አስቀያሚ መልክ አልሥልም አለች። አስቂኝ ሆኖ የተሣለው ራሱ ደራሲው ነው፤ መስታወት ፊት ቆሞ የሚጮህ ሰው። አይሁዶቹን የሣለችው እንደ ማንኛውም የሰፈራችን ሰው ነው።

ከእነሱም አንዱን የሣለችው ከእኛ ማተሚያ ቤት ፊት ለፊት ባለው ሰዓት ሠሪ መልክ ነው። እሱም አይሁዳዊ ነው፤ የሃያ ሁለት ዓመት ጎረቤቴና ወዳጄ ነው። ለደንበኛ ሁሉ «አምስት ደቂቃ ጠብቀኝ» ስለሚል የሰፈሩ ሰው አምስት ደቂቃ ይለዋል። ልጄ ፈቃዱን ስትጠይቀው አጠገቧ ነበርኩ። «አፍንጫዬን እንዳለ ተዪው፣ እናቴ ትወደው ነበር» አላት። ወደ እኔም ዞሮ፣ «አንተም አታበላሸኝ፣ ፊደልህ ከመልኬ እንዳይበልጥ» ብሎ ቀለደ።

ልጄ የደራሲውን ቃል ተራ አድርጌ እንድጽፈው ለምናኝ ነበር። «አታሳምርለት፣ አባዬ» ነው ያለችኝ። እጄ እምቢ አለኝ ብዬ መለስኩላት። ከማክሰኞ ወዲህ ግን ራሴን ስመረምር እጄ አልነበረም፤ ኩራቴ ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ፊደል ሳሳምር ኖሬ አንድ ገጽ አስቀያሚ አድርጌ መጻፍ ከበደኝ። ያንን ሁሉ መርዝ ቁጭ ብዬ አሳመርኩት።

ሁለተኛው ጥፋቴ ይህ ነው። መልሱ ከደራሲው ቃል ጋር በአንድ ጥቁር ቀለም እንዲታተም ልጄ ፈልጋ ነበር። በቀይ ይሁን፣ ዓይን ይስባል ያልኩት እኔ ነኝ። «ቀዩ ቢቀርስ?» አለችኝ። «ቀዩ የሚቀረው እኔ ስሞት ነው» ብዬ ሳቅሁባት።

ማሽናችን በአንድ ጊዜ የሚያትመው አንድ ቀለም ብቻ ነው። ዓርብ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ጥቁሩን ጀመርኩ። ቀዩን የማትመው ሰኞ፣ ጥቁሩ በደንብ ከደረቀ በኋላ ነበር። ማሽኑ እስኪስተካከል ድረስ የመጀመሪያዎቹ ወረቀቶች ወይ ይገረጣሉ ወይ ይጨማለቃሉ፤ ስለዚህ ወደ ቀዩ አያልፉም። ብላሽ እንላቸዋለን። ብላሹን ለእቃ መጠቅለያ እንዲሆናት ከሥር ላለችው ባለሱቅ እንሰጣለን። ይህን ያስለመደችው ባለቤቴ ነበረች፤ ወረቀት ሲጣል አትወድም ነበር። ዓርብም ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ሁለት መቶ ያህል ብላሽ አስረከብኩ። ባለሱቋ፣ «ጋሼ፣ ዛሬ ደግሞ ሥዕል አለው!» ብላ ተደሰተች። «ውሰጂው እንግዲህ» አልኳት።

ወረቀቱን አላዩትም ወይ ተብዬ ለቀረበልኝ ጥያቄ ስመልስ፣ አይቼዋለሁ። ሁሉንም አይቼዋለሁ። በእኛ ሥራ የሚታየው ቀለሙ ነው፤ ቃሉን ማንም አያነበውም። ከላይ «ሕዝባችንን የሚያሳምሙት እነሱ ናቸው» የሚለው የደራሲው ቃል፣ መሃል ላይ የወዳጄ ፊት፣ ከታች ባዶ ነጭ ቦታ ነበር። እኔ ያሰብኩት ነጩ ቦታ ልኩን መጠበቁን ብቻ ነው። በዚያ ቦታ ሰኞ በቀይ ሊታተም የነበረው «ይህ ሰው ሰዓት ይሠራል። ከተባለው አንዱንም አላደረገም» የሚል ነበር። ይህንንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። እውነቱን ለመናገር የጻፍኩት ደክሞኝ፣ በጥድፊያ ነው።

በየቀኑ ሥራ ከመጀመሬ በፊት ፈጣሪዬን እጄን ባርክልኝ እላለሁ። ዓርብም ብያለሁ።

ሰኞ ጠዋት ቀዩን ማተም ጀመርኩ፤ ማሽኑ አጠገብ ስለነበርኩ ወደ ውጭ አልወጣሁም። ለካ ባለሱቋ ቅዳሜ የጠቀለለችበትን ወረቀት ሰዎች እያባዙ ግድግዳ ላይ ለጥፈውት ኖሯል። ከቀኑ 11፡10 ላይ የመስታወት መሰበር ድምፅ ሰማሁ። ስወጣ ሰባት ወይም ስምንት የሚሆኑ ሰዎች ወደ ገበያው ሲሮጡ አየሁ፤ ፊታቸውን አልለየሁም። ወዳጄ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ጭንቅላቱ እየደማ፣ በግራ እጁ የሰዓት ጥርሶች ይለቅም ነበር። የቀኝ እጁ ጣቶች ተሰብረዋል። ወረቀቱ በሩ ላይ ተለጥፏል። አየው፣ እኔንም አየኝ።

«ፊደሉ ያንተ ነው» አለኝ።

አዎ አልኩት።

«ቀዩስ የታል?»

 

ቀዩ የታተመበት ስድስት መቶ ሙሉ ቅጂ በመጋዘናችን አለ። እባካችሁ ሄዳችሁ እዩት፤ ልጄ የሠራችው ያንን ነው። እሷ ጥላቻን ልትነቅል ተነሣች እንጂ አልዘራችም። ጥላቻውን አሳምሬ በሰፈሩ የበተንኩት እኔ ነኝ።

ለማመሳከሪያ እንዲሆን የደራሲውን ቃል ከወረቀቱ ላይ እንድገለብጥ በመርማሪው ታዘዝኩ። በምትኩ በቀዩ የታተመውን መልስ ልጻፍ ብዬ ለመንኩ፤ ቃሉ አንድ ካልሆነ አይመሳከርም ተባልኩ። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። ሦስቱንም ጊዜ እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ፊደሉ ተጣመመ። መርማሪው ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ አይቶ፣ «አባት፣ ይሄ አይመሳሰልም። ልጅዎን ለማዳን እንዳይሆን» አለኝ። የልጄ ቃል እውነት፣ የእኔ ቃል ውሸት መስሎ ታየ።

ስለዚህ ሌላ ማስረጃ እጠቁማለሁ። በሰዓት ሠሪው በር ላይ «አምስት ደቂቃ ጠብቁኝ፣ እመለሳለሁ» የሚል ካርድ አለ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የጻፍኩለት እኔ ነኝ፤ ራሱ ይመሰክራል። ሰኞ በአምቡላንስ ሲወስዱት በሩ አልዘጋ ስላለኝ ካርዱን ሰቅዬለት ሄድኩ። እስከ ዛሬ ጠዋት እዚያው ነበር። ከወረቀቱ ጋር አመሳክሩት። ካርዱን ስታነሱት ግን በቦታው ሌላ ካርድ ይሰቀልለት፤ ቃሉን ሌላ ሰው ይጻፈው።

ከላይ የሰፈረው ቃል በንባብ ተሰምቶኝ የራሴ መሆኑን አረጋግጫለሁ። ልጄን ለማዳን የጨመርኩት፣ ራሴን ለማዳን የቀነስኩት የለም። ሐሰት ቢገኝበት በሕግም በፈጣሪም ፊት እጠየቃለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ መጻፍ ስላልቻለ የቀኝ አውራ ጣት አሻራ
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ፈርሟል
ቃሉ ያበቃበት ሰዓት፦ 5፡05